ቁጥር ያደረግኋት ሴት

«አንቺ ነሽ ቁጥር ያደረግሽኝ!»

ፊት ለፊቴ ቆማ ነው ያለችኝ። ልሸሽ ብል እንኳ ከኋላዬ የጨርቅ ጥቅል ተደርድሯል። ለእናቴ የመጋረጃ ጨርቅ ላስለካ ጅግጅጋ ገበያ ወጥቼ ነበር። እሷ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የምትውል ልብስ ሰፊ ናት። ልብስ ሰፊ አልኩ እንጂ ልብስ ሰፊ አይደለችም። በረንዳም የላትም። ይህን ያነበበ ሰው ተነሥቶ ቢፈልጋት እንዳያገኛት አውቄ ነው የለወጥኩት። የቀረው እንደሆነው ነው።

«ምን አደረግኩሽ?» አልኳት።

«ትናንት የባሌ እህት መጣች። ሰው ሁሉ እየሰማ ‹ቁጥሯ፣ ቀሚሴ አላለቀም እንዴ?› አለችኝ። ቁጥሯ! ባለሱቁ ሳቀ። አጠገቤ ያለችው ሽቶ ሻጭ እንኳ ሳቀች። እዚያ ክፍል እንደምገባ ከአንቺ መስኮት ሌላ ማን ያውቃል?»

«ወላሂ፣ እኔ…»

«የእኔን መሐላ ተዪልኝ፤ የራስሽን ማይ!»

እኛ የጅግጅጋ ክርስቲያኖች ሳናስበው ወላሂ እንላለን። በማርያም አልኳት። እሱንም አላመነችም። መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ጀርባዋን ሰጠችኝ። መጋረጃውን ሳላስለካ ተመለስኩ።

ያኔ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ስላላስገባኝ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጬ ካገኘሁት ሰው ጋር ሁሉ ስጣላ ከርሜ ነው የተቀጠርኩት። ጩኸቴን አይተው የቀጠሩኝ ይመስለኛል። አማርኛም ሶማሊኛም እችላለሁ፤ ድምፄም ነፋስ ያሸንፋል። የጅግጅጋን ነፋስ ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ችሎታ አይደለም። ሥራዬ ካርድ ማውጣትና ተራ ሲደርስ በመስኮቱ አንገቴን አስግጌ የሕመምተኛውን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ መጥራት ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ያለችው፣ እኛ ጥጉ ክፍል የምንለው፣ የተከፈተው ከኮሮና በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ጭንቀት ይዞት እንቅልፍ ያጣ ሰው ሲመጣ ወደ ሆስፒታል ወረቀት ይጻፍለታል፤ እሱም ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ቤቱ ይገባል። የወሊድ መከላከያና የአባላዘር ሕክምና ደግሞ ሌላ በር፣ ሌላ ቀን ነበረው። አሁን ሁለቱም እዚሁ እኛ ጋ፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ካርድ ይሰጣሉ ተባለ። አንዲት ሲስተር ሥልጠና ተልካ ወፍራም ማኅደር ታቅፋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ለሳልም ይምጣ ለክትባት፣ የመጣውን ሁሉ «እንቅልፍ እንዴት ነው? ድሮ ደስ ይልሽ የነበረው ነገር አሁንም ደስ ይልሻል? ከባልሽ ጋርስ እንዴት ነሽ?» ማለት ጀመረች።

እኔ ነገሩን ከመጀመሪያው አላመንኩትም። ሰው ለሳሉ መጥቶ ስለ አልጋው ለምን ይጠየቃል? የሚሞላው ወረቀትስ የት ነው የሚሄደው? ዘበኛችን ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። «ጭንቀትና ጭን በአንድ በር ገቡ። እንግዲህ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ እናያለን» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ክፍሉ በሚከፈትበት ሰሞን ስብሰባ ተጠራን። ኃላፊው «የሚገቡት ሰዎች ምስጢር እንዴት ነው የሚጠበቀው?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ጠረጴዛውን ያያል። እኔ እጄን እንኳ ሳላወጣ «ጥጉ ክፍል የሚገቡትን በስማቸው አልጠራቸውም። ቁጥር እንስጣቸው» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። እስከ ዛሬ የተጨበጨበልኝ ያኔ ብቻ ነው። በማግሥቱ የጓንት ካርቶን ቆራርጬ ከአንድ እስከ ሃያ ጻፍኩበት።

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ የመጣችው ልጇን ልታስከትብ ነው። ሁለተኛ ልጇ ነው። እሱን ወልዳ አርባ ቀኗ ካለፈ በኋላም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ከተኛችበት አልተነሣችም ነበር። ቤተሰቡ ጂን ነው አለ። ሼኹ መጥተው ቁርኣን ቀሩባት። «ቁርኣኑን ወድጄው ነው የሰማሁት፤ ግን ተኝቼ ሰማሁት» ብላኛለች። ሲስተር ያቺን የእንቅልፍ ጥያቄ ስትጠይቃት ልጁን እንደታቀፈች አለቀሰች። ክኒን ተጀመረላት። ከጥቂት ወራት በኋላ የስፌት መኪናዋ ተመልሶ በረንዳ ወጣ። ያኔ ደግሞ ራሷ የሦስት ወሩን መርፌ ጠየቀች፤ «ሦስተኛ ከወለድኩ አልነሣም» ብላ።

ለባሏ ክኒኑን የደም ማነስ ነው ብላዋለች። ስለ መርፌው ምንም አላለችውም። ባሏ ከባቢሌ ጭነት የሚያመላልስ ሹፌር ነው፤ ክፉ አይደለም፤ እናቱ ያሉትን ግን አይመልስም። እናቱ ደገሀቡር ናቸው። ገና ተኝታ ሳለች «እብድ ሴት ልጅ አታሳድግም፤ ልጆቹን ወደ እኔ ላኳቸው» ብለው ነበር። ስትነሣ ዝም አሉ። ጥጉ ክፍል እንደምትመላለስ ከሰሙ ግን ልጆቹ ይሄዳሉ። ይህን በመስኮቱ በኩል በሹክሹክታ የነገረችኝ ራሷ ናት። እኔም «አይዞሽ፣ ቁጥር ነው የምሰጥሽ፤ ማንም አያውቅም» ብያት ነበር።

አሁን ሰው አውቋል። ማን ተናገረ?

ከገበያ ቤት እስክደርስ ሦስት ሰው ጠርጥሬያለሁ። ዘበኛውን፤ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ከባጃጅ ነጂዎች ጋር ሲያወሩ ነው የሚውሉት። የጽዳት ሠራተኛዋን፤ የጥጉን ክፍል ቅርጫት የምትደፋው እሷ ናት። ሲስተርንም፤ በጣም ደግ ሰው ያጠራጥረኛል።

ወጥመድ አጠመድኩ። ለዘበኛው «አባባ፣ ለማንም እንዳይናገሩ፤ አንዲት የጉምሩክ ሠራተኛ ጥጉ ክፍል ገብታ ስታለቅስ ዋለች» አልኳቸው። ለጽዳት ሠራተኛዋ አንዲት የቱሊ ጉሌድ አስተማሪ ፈጠርኩላት። ለሲስተር፣ ስሟን ሳልጠራ፣ የግመል ወተት ነጋዴ ጓደኛዬ ልትመጣ ነው አልኳት። ሦስቱም ሴቶች አልተፈጠሩም። ከሦስቱ የትኛዋ ዞራ ዞራ እናቴ ጋ እንደምትደርስ ጠበቅኩ። እናቴ ጋ ያልደረሰ ወሬ ጅግጅጋ ውስጥ ገና አልተወለደም።

ሳምንት አለፈ። የጉምሩኳ አልመጣችም። አስተማሪዋም ወተት ነጋዴዋም አልመጡም። እናቴ ያመጣችው ወሬ እኔው ገበያ መሀል መጣላቴን ብቻ ነው።

«ልብስ ሰፊዋ መቀስ አነሣችብሽ አሉ። ምን አድርገሻት ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ያልተደረገች ሴት መቀስ አታነሣም።»

ይኼኔ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ከፍቼ ነበር። ምድጃው ላይ የነበረው ወጥ ሸተተና ብድግ አለች፤ እኔም አፌን ዘጋሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ዘበኛው ወደ በሩ ጠሩኝ። ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ያቺ የጉምሩኳ ልጅ ተሻላት? በጸሎቴ አልረሳኋትም።»

«ተሽሏታል አባባ» አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ?

ከዚያ ወዲያ እናቴን የደም ግፊቷን ላስለካ አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ፣ እንደ ሰው ሁሉ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። መስኮቱ ላይ የመድኃኒት ክፍሏ ልጅ ተተክታለች። ከዚያ በፊት በዚያ ግቢ ተቀምጬ አላውቅም፤ ሁልጊዜ በመስኮቱ ወዲያ ማዶ ነኝ። ልጅቷ ስም ጠራች፤ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ገቡ። ሌላ ስም ጠራች፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ገባች። ማንም ቀና ብሎ ያየ የለም። ስልኩን የሚነካካው ይነካካል፣ የሚያዛጋው ያዛጋል።

«አሥራ አራት!»

ግቢው ሙሉ ዞረ። ስልክ የያዘው ስልኩን አወረደ። ከጥግ አንዲት ወጣት ሴት ተነሣች፤ ሻሿን ወደ ፊቷ ጎተት አድርጋ በአግዳሚዎቹ መሀል ማለፍ ጀመረች። አጠገቤ የተቀመጡት ሶማሌ አሮጊት ክንዴን ነካ አደረጉኝ።

«አባዮ፣ እህቴ፣ እግርሽን ሰብስቢ፤ ትለፍ። ቁጥር ናት።»

«ቁጥር ምንድን ነው?»

«ስም የማይጠራላቸው ናቸዋ! ወይ ዋላን ናቸው፣» አሉና ጣታቸውን ጆሮ ግንዳቸው አጠገብ አዞሩት፤ «ወይ ደግሞ…» በአገጫቸው ወደ ታች ጠቆሙ።

«እንዴት አወቁ?»

«እንዴት አወቁ ትላለች! ስማቸውን ደበቁት እኮ። ደህና ነገር ይደበቃል?»

እናቴ «ምን አሉሽ?» አለችኝ። እኔ ግን የሴትዮዋን ካርቶን እያየሁ ነበር። ካርቶኑ ላይ ያለው አሥራ አራት ደግሞ የእኔው የእጅ ጽሕፈት ነው፤ የአራቱ እግር ረዘም ይላል።

በማግሥቱ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። «ለሁሉም ቁጥር ይሰጥ» አልኩ። «ለሳሉም፣ ለክትባቱም፣ ለግፊቱም። ማንም በስሙ አይጠራ።»

ኃላፊው ከመነጽሩ በላይ አየኝ። «ማን ነው የላከሽ?»

«ማንም።»

«ጥቆማ ደርሶሻል ማለት ነው?»

«ጥቆማ አይደለም። የእኔ ጥፋት ነው። ቁጥሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«ጥፋትሽን በጽሑፍ አቅርቢ።»

ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳምንት ተኛ። ያ ሁሉ ቀን ግቢው በእያንዳንዱ ቁጥር ሲዞር በመስኮቴ አየሁ። ኃላፊው ከደብዳቤው ጀርባ ሌላ ደብዳቤ የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ለምን እንደዘገየ እሱን ጠረጠርኩ። በመጨረሻ «ተሞክሮ ይታይ» ብሎ ፈረመበት። ካርቶን አልበቃኝም፤ የሲሪንጅ ካርቶን ጨምሬ እስከ መቶ ጻፍኩ።

የመጀመሪያው ቀን ሠርግ ነበር።

«ሠላሳ ሁለት!» ብዬ ጮህኩ። የተነሣ የለም። «ሠላሳ ሁለት!»

ዘበኛው ወደ አንድ ባለ በትር ሶማሌ ሽማግሌ ጎንበስ አሉ። «አደር፣ አጎቴ፣ እርስዎን እኮ ነው።»

«እኔን?» ሽማግሌው በበትራቸው ተደግፈው ተነሡ። «እኔ ስም የለኝም?» አሉና ከአባታቸው ጀምረው ወደ ላይ ቆጠሩ። አያታቸውን፣ የአያታቸውን አባት፣ እያሉ ወጡ። ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ ከአግዳሚው አንድ ሰው «አይደለም፣ እሱ ታናሽየው ነው» ብሎ አረማቸው፤ ለአፍታ ተከራከሩ፤ ታረሙና ቀጠሉ። አሥራ ሁለተኛውን ጠርተው ወደ መስኮቴ ዞሩ። «ይሄ ሁሉ ሰው ነው ሠላሳ ሁለት?»

«አዎ አደር፣ ሁሉንም ይዘዋቸው ይግቡ» አሉ ዘበኛው።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «እኔን ያመመኝ ሳል ነው። ለሳል ነው ቁጥር የሰጣችሁኝ?»

«ለሁሉም ነው አደር፤ ከዛሬ ጀምሮ ለሁሉም» አልኩ።

ሽማግሌው ዙሪያቸውን አዩ፤ ሁሉም ሰው እጅ ላይ ካርቶን አለ። «ሃዬ» አሉ፣ «እንግዲያው ሁላችንም አብደናል ማለት ነው» ብለው እየሳሉ ገቡ።

በሳምንቱ በቁጥር የሚዞር አንገት ጠፋ። ጥጉ ክፍል ይገቡ የነበሩት ሴቶች አንድ አንድ እያሉ ተመለሱ። ልብስ ሰፊዋ ግን አልመጣችም።

ሲስተር ወደ ካርድ ክፍል መጣች። ካርዷን ይዛዋለች። «ክኒኗ ካለቀ ወር ሊሞላው ነው። ያ መድኃኒት እንዲህ በአንዴ አይቆምም። የመርፌው ቀንም አልፏል።»

«ሄደሽ አምጪያት።»

«እኔ በሯ ላይ ከቆምኩ ሰፈሩ በሙሉ ምን እንደያዛት ያውቃል። አንቺ ጨርቅ ይዘሽ ብትሄጂ ማን ይጠረጥርሻል?»

ያንኑ የመጋረጃ ጨርቅ ይዤ ሄድኩ። ከስታለች። መኪናዋ ላይ የአንድ ልጅ ሱሪ አለ፤ የሰፋችውን በምላጭ እየተረተረች ነው። ስፌቱ ተጣሟል፤ ያቺ ሴት ድሮ ስፌት አይጣመምባትም። ትልቁ ልጅ ከእግሯ ሥር በክር ጥቅል ይጫወታል።

«ማን ላከሽ?» አለችኝ።

«መጋረጃ ላሰፋ ነው።»

«ውሸትሽን ነው።»

«አዎ፣ ውሸቴን ነው» ብዬ ተቀመጥኩ። «አሁን ሁሉም ሰው ቁጥር ነው።»

«ሰምቻለሁ። አንድ አደር ከነዘራቸው ሠላሳ ሁለት ሆኑ አሉ።» ትንሽ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ጠፋ። ምላጩን አስቀመጠች። «አማቴ ከደገሀቡር በየቀኑ ትደውላለች። ትናንት ምን ጠየቀችኝ መሰለሽ? የልጁን የጫማ ቁጥር።»

ልጁን አየሁት። ባዶ እግሩን ነው።

«ነገርሻት?»

«አላውቀውም አልኳት። ‹እናቱ የልጇን ጫማ ቁጥር አታውቅም› ብላ ለባሌ ትነግረዋለች። ብነግራትም ጫማ ገዝታ ልትወስደው ነው። ምን ልበላት?» እጇን ወደ ጉልበቷ ሰበሰበች። «ሰሞኑን ግድግዳው እንደገና ይጠራኝ ጀምሯል።»

«ታዲያ ነይ። ነገ ነይ። ማንም አያይሽም።»

«መስኮቱ ላይ ማን አለ?»

«እኔ ነኛ።»

«እሱ ነው ነገሩ።»

ደሜ ፈላ። «እኔ ለማንም አልተናገርኩም! በማርያም…»

«አባዮ፣ ስሚኝ። ቁጥር ፊት አይደብቅም። አንቺ ፊቴን ታውቂዋለሽ፤ የባሌን እህት ታውቂያታለሽ፤ እናትሽ ከእሷ ጋር ሻሂ ይጠጣሉ። አሁን አልተናገርሽም፤ እሺ። አንድ ቀን ግን ትናደጃለሽ። አንቺ ስትናደጂ አፍሽ አይዘጋም፤ እኔ ላይ እንኳ አሁን ልትጮሂ ነው።»

ልጮህ ነበር። ያ ወጥ የሸተተ ቀን ትዝ አለኝ።

«ምን ላድርግልሽ? ምን ብዬ ልማልልሽ?»

«መሐላ አልፈልግም» አለች። «አለመኖርሽን ነው የምፈልገው።»

መጋረጃውን እዚያው ጥዬ ተነሣሁ።

ቱሊ ጉሌድ ያለ ጤና ጣቢያ ውስጥ እንደ እኔው ካርድ ክፍል የምትሠራ ልጅ ወደ ጅግጅጋ መዛወር እንደምትፈልግ ሰምቼ ነበር። የሚለዋወጣት አጥታ ነው የተቀመጠችው። ከጅግጅጋ ወደ ቱሊ ጉሌድ በገዛ ፈቃዱ የሚሄድ ሰው የለም። ማመልከቻውን ለኃላፊው አቀረብኩ።

«ቱሊ ጉሌድ?» አለ። «ማንን ሸሽተሽ ነው?»

«ማንንም።»

«ከአሁን ቀደም ጥፋቴ ነው ብለሽ ጻፍሽ። አሁን ደግሞ ልሂድ ትያለሽ። ምን ጠፍቷል?» አለና መሳቢያዎቼን አስከፍቶ ማኅተሙ መኖሩን በዓይኑ አየ። ካርድ ሳይቀር ተጎርጉሮ ተፈተሸ። ምንም አልጠፋም። እሱም በዚያው ይበልጥ ጠረጠረኝ፤ ግን ፈረመልኝ።

እናቴም አልቀረላትም። «ወንድ አለ እዚያ?» አለችኝ።

«የለም።»

«ወንድ ከሌለ ቱሊ ጉሌድ ምን አለ?»

አልነገርኳትም። በዚህኛው ጊዜ ወጥ አላረረም፤ ዝም ብዬ አልነገርኳትም።

ለልብስ ሰፊዋ ግን በበረንዳዋ በኩል ሳልፍ፣ ሳልቆም፣ «ሰኞ አዲስ ልጅ አለች» አልኳት።

«የማን ዘመድ ናት?»

«የማንም።»

«የማንም ያልሆነ ሰው የለም።»

«የዚህ ከተማ ሰው አይደለችም። ገበያው በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አታውቅም።»

ክሯን በጥርሷ በጠሰች። «አይቼ ነው» አለች።

ሰኞ አዲሷ ልጅ በጠዋት መጣች። መሳቢያዎቹን፣ ያረጁትን ካርዶች፣ ጣት የሚነክሰውን የመስኮት ማጠፊያ አሳየኋት። ግቢው መሙላት ጀምሯል። ሦስት ሰዓት ሲሆን አንዲት ፊቷን ሙሉ በሙሉ የሸፈነች ሴት በሩን አልፋ ገባች፤ ወደ መስኮቱ አልመጣችም። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከእጅጌዋ ላይ ቀይ ክር ተንጠልጥሏል። ዓይኖቿ ብቻ ናቸው የሚታዩት፤ መስኮቱን ያያሉ፣ መልሰው በሩን ያያሉ።

አዲሷ ልጅ በትከሻዬ ላይ ተንጠራርታ አየች። «ያቺ ሴትዮ ለምን ካርድ አትወስድም? ታውቂያታለሽ?»

«አላውቃትም» አልኳት።

ቁልፉን ሰጠኋት፤ ካርቶኖቹን በተርታቸው አስቀመጥኩላት። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ በግቢው ዳር ዳሩን ወጣሁ። ወደ አግዳሚው አልዞርኩም። ዘበኛው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ሄድሽ እንግዲህ?»

«ሄድኩ አባባ።»

ከኋላዬ አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማሁ። ባጃጅ አስቁሜ «መናኸሪያ» አልኩት።